ጭስ የሚጠጣ ከሰል ፍለጋ፤ ከአሰበ ተፈሪ ቦርደዴ፣ ከቦርደዴ መሰላ

ሰኞ ጠዋት ባንዲራ ሰቅለን ገና ከሰልፍ ሳንበተን ርዕሰ መምህሩ ከኮት ኪሳቸው አንድ ፖስታ አውጥተው «ሰአዳ፣ ዘጠነኛ ለ!» ብለው ተጣሩ። አርፍጄ ስለነበር ለቅጣት የተጠራሁ መሰለኝ፤ ጫማ ጫማዬን እያየሁ ወጣሁ። እሳቸው ግን መነጽራቸውን አስተካክለው፣ ጭስን በከሰል ስለማጣራት የሠራሁት ሥራ ሐረር ለሚደረገው የተማሪዎች የሳይንስ ትርኢት መመረጡን አነበቡ። ከአውራጃችን የተመረጠው አንድ ሥራ ብቻ ነው። የእኔ! ተማሪው ሲያጨበጭብ ምን እንደሚደረግ ስላላወቅሁ እኔም አብሬ ለራሴ አጨበጨብኩ።

ደስታዬ እስከ ሁለተኛው ገጽ ድረስ ነበር። ሁለተኛው ገጽ እንዲህ ይላል፤ የሻማ ጭስ በቂ አይደለም። ሥራው በሚሠራ ሞተር ጭስ ላይ ተሞክሮ፣ ቤተሰብ ያልሆኑ ሦስት ምስክሮች ፈርመውበት እሑድ ሐረር ካልደረሰ ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል።

አውራጃችንን ጨርጨርን ለማታውቁ፣ የኬሚስትሪ ክፍል ውስጥም ገብታችሁ ለማታውቁ፣ ነገሩን በአጭሩ ላስረዳ። ከሰል ውስጡ በዓይን የማይታይ እልፍ ቀዳዳ አለው። የሻማም የናፍጣም ጭስ ውስጥ ደግሞ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባል፣ የማይታይና የማይሸት አየር አለ። መምህራችን መምህር ታምራት እንደነገሩን ይህ አየር ከየሞተሩ እየወጣ ሰማይ ላይ ይከማቻል፤ ሲበዛም ምድርን እንደ ብርድ ልብስ ሸፍኖ ያሞቃታል። ጥሩ ከሰል ግን አየሩን ቀዳዳው ውስጥ አጣብቆ ያስቀረዋል። መቅረቱን የሚመሰክረው የኖራ ውሃ ነው። ጥሩ ሆኖ ከተጠለለ እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ነው፤ ያ አየር ሲገባበት እንደ ወተት ይነጣል። እኔ ይህን በሻማና በአንድ ጭብጥ ከሰል አሳይቻለሁ።

ለሞተር ግን አንድ ጭብጥ አይበቃም። ከሰሉም ዝም ብሎ የምድጃ ከሰል አይደለም። ጠንካራ የግራር ከሰል ብረት ውስጥ ታሽጎ ፍም እስኪመስል ይግላል፤ በላዩ ላይ እንፋሎት ይለቀቅበታል፤ ያኔ ነው የተደፈነው ቀዳዳ ሁሉ የሚከፈተው። «እንዲህ ያለ እሳት የሚያነድ ወናፍ ያለው ሰው ነው» አሉ መምህር ታምራት። «ሞተርም ያስፈልገናል። የከተማው ወፍጮዎች ወረፋቸው አያልቅም፤ ጠይቄያቸው እምቢ ብለዋል። እኔ እሑድ ጠዋት ሐረር እሄዳለሁ። ቅዳሜ ማታ የተፈረመ ወረቀት ካመጣሽልኝ ይዤልሽ እሄዳለሁ።»

ሁለቱንም ያገኘችው አክስቴ ዘይነባ ናት። ጫት ነጋዴ ናት፤ የማታውቀው ሰው የለም። ቦርደዴ አንድ አንጥረኛ ታውቃለች፤ መሰላ ደግሞ የወፍጮ ባለቤት የሆኑ ወዳጅ አሏት። አባቴ ልብስ ሰፊ ነው፤ የስፌት መኪናውን ሳያቆም ሰማንና «እስከ ቅዳሜ ማታ» አለ። «የምፈቅደው አንዴ ነው። ባይሳካ፣ ድጋሚ ልሂድ የሚባል ነገር የለም።»

እሺ አልኩ። ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አወጣን፤ አራት ጠርሙስ የኖራ ውሃ በአሮጌ ሹራብ ጠቀለልኩ። እንግዲህ ጉዞው ይህ ነው።

ማክሰኞ

ጎህ ሲቀድ የተሳፈርነው ጋሽ በቀለ በሚባሉ የአክስቴ ደንበኛ ኤንትሬ የጭነት መኪና ላይ ነው። ጋቢና ገባን። አክስቴ በሩን ገና ሳትዘጋ ጀመረችኝ።

«ጋሽ በቀለ፣ ይህችን ልጅ ይዩልኝ። ሰው ቆላ የሚወርደው ከሰል ሊገዛ ነው። እሷ ከሰል ልትቀቅል ነው የምትወርደው!»

«ይበስላል ታዲያ?» አሉ ጋሽ በቀለ።

«እሱን ቅዳሜ እናያለን» አልኩ እኔ።

የእኛ ከተማ አሰበ ተፈሪ ደጋም ቆላም አይደለችም፤ ጠዋት ሹራብ፣ ቀን ነጠላ የሚበቃባት ናት። ጠጠሩን መንገድ እየተጠማዘዝን ስንወርድ ሹራቡ ወለቀ፤ ሚኤሶ ስንደርስ ነጠላውም ወለቀ። የእኛ ንፋስ ፊት ላይ ውሃ እንደመርጨት ነው፤ የሚኤሶ ንፋስ የምድጃ ክዳን እንደመክፈት። የእኛ ፍየሎች ሳር ይመርጣሉ፤ የዚያ ፍየሎች በሁለት እግራቸው ቆመው እሾህ ይበላሉ፤ ማንም አይገረምም።

ከሚኤሶ አለፍ እንዳልን ጎማ ፈነዳ። ጋሽ በቀለ ሳይበሳጩ ወረዱ፤ በመጀመሪያ የነኩት ጎማውን ሳይሆን ከመኪናው አፍንጫ ላይ የተንጠለጠለውን የሸራ የውሃ ከረጢት ነው። ቀድተው ሰጡኝ። በዚያ ሐሩር ውሃው ጥርስ ያማል!

«በምን ቀዘቀዘ?» አልኳቸው።

«ሸራው ላብ ያልበዋል፤ ነፋሱ ላቡን ይወስዳል፤ ውሃው ይቀዘቅዛል። እናንተ ትምህርት ቤት ይህን አያስተምሯችሁም?»

ያስተምሩናል፤ እኔ ግን ከሸራ ጋር አላገናኘሁትም ነበር። ከሰኞ ጀምሮ ሲያስጨንቀኝ የነበረው አንዱ ነገር የሞተር ጭስ ትኩስ መሆኑ ነው፤ ከሰል ትኩስ አየር አጥብቆ አይዝም። ቧንቧውን በእርጥብ ጆንያ ብጠቀልለውስ? ጎማው እስኪቀየር ድረስ እንዴት እንደማስረው ደብተሬ ላይ ስስል ቆየሁ። ጋሽ በቀለ አጎንብሰው አይተው «ለፍሪጄ ኪራይ ትከፍይኛለሽ» አሉኝ።

ቦርደዴ የደረስነው ከቀትር በኋላ ነው። በመንገዱ ግራና ቀኝ የተሰለፉ ቤቶች ናቸው፤ ከቤቶቹ ጀርባ ግራር፣ ከግራሩ ጀርባ ሌላ ግራር። አንጥረኛው አባ ጣሂር መጥረቢያና ቢላዋ የሚሠሩ፣ ጢማቸው በሂና የቀላ ሽማግሌ ናቸው። ከሰሉን ራሳቸው ያከስላሉ። አክስቴ ጉዳያችንን በኦሮምኛ ስታስረዳ እስከ መጨረሻው ሰሟትና ወደ እኔ ዞሩ።

«ከሰሉን መልሰሽ ልታቃጥዪ?»

«አይቃጠልም። አየር አይገባውም፤ እንፋሎት ነው የሚገባው።»

«ሰላሳ ዓመት ከሰል አክስያለሁ። ከሰል የታመመ ይመስል በእንፋሎት ሲታጠን አላየሁም» አሉና ሳቁ። «ነገ። ዛሬ እንግዳ ናችሁ።»

እንግድነታችን የጀመረው በግመል ወተት ነው። ባለቤታቸው በጭስ የታጠነ ዕቃ ሙሉ ሰጡኝ። እኛ ቤት የላም ወተት በብርጭቆ ይቀዳል፤ ብርጭቆው ሲያልቅ አለቀ ነው። እዚያ ግን ዕቃው ከጎደለ ይሞላል። እኔ ደግሞ ይሉኝታዬ ብዙ ነው፤ ሦስት ጊዜ አስሞላሁ። የግመል ወተት ያልለመደ ሆድን ምን እንደሚያደርግ የምታውቁ ታውቃላችሁ። የማታውቁ አትጠይቁኝ። አክስቴ ግን እስካሁን ለሰው ሁሉ ታወራለች።

ረቡዕ

ይዤው የሄድኩት የዘይት ቆርቆሮ ነበር። ቤት ሳለሁ ክዳኑን አሽጌ፣ ከማንቆርቆሪያ እንፋሎት የሚያመጣ ቀጭን ቱቦ አስገብቼበት ነበር፤ ኮርቼበትም ነበር። አባ ጣሂር ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩትና እሳቱ ላይ አስቀመጡት። ወናፉን ነፉ። ቆርቆሮው ቀላ፤ ቀጥሎ ጎኑ ቀስ ብሎ እንደ ሰም ተሸበሸበና ተበሳ። ከሰሉ ወጥቶ ከምድጃው ከሰል ጋር ተቀላቀለ።

«እንደሚበሳ ያውቁ ነበር?» አልኳቸው።

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርሽ ታምኚኝ ነበር?»

እውነታቸውን ነው፤ አላምንም ነበር። ወደ ጓሯቸው ሄደው ከአሮጌ የጭነት መኪና የወጣ፣ የክንዴን ያህል የሚረዝም ወፍራም የብረት ቧንቧ ይዘው መጡ። ሁለቱንም ጫፍ በብረት ክዳን ገጠሙት፤ በአንዱ በኩል እንፋሎት መግቢያ፣ በሌላው በኩል መውጫ አበጁለት። ሲሠሩ ያለ ሜትር በጣታቸው ነው የሚለኩት፤ ግን አንድም ቦታ ክፍተት አልተገኘም። የእኛ ከተማ ብረት ሠራተኞች በብየዳ የሚያደርጉትን እሳቸው በመዶሻና በትዕግሥት አደረጉት።

ከዚያ ከሰሉን በአውራ ጣት ጫፍ ልክ ሰብረን ሞላነው። ወናፉን በየተራ ነፋን፤ እሳቸው፣ አክስቴ፣ እኔ። አክስቴ በእያንዳንዱ ንፋት «ለሳይንስ!» እያለች ታላግጣለች። ቧንቧው መጀመሪያ ቀላ፤ ከዚያ እንደ ብርቱካን ሆነ። ማንቆርቆሪያው ሲፈላ እንፋሎቱ ገባ፤ በመውጫው በኩል ትንሽ ሰማያዊ ነበልባል ብቅ አለች። አባ ጣሂር ወናፉን ለአክስቴ ሰጥተው ተንበርክከው አዩዋት።

«ላ ኢላሃ ኢለላህ! ውሃ ይነዳል እንዴ?»

«ውሃና የጋለ ከሰል ሲገናኙ የሚነድ አየር ይወጣል» አልኩ፤ መምህር ታምራት የነገሩኝን። መርዝ ስለሆነም ራቅ እንድንል ነገርኳቸው። በዚህ ጊዜ አመኑኝ፤ ሁላችንም ነፋሱ ወደሚመጣበት ጎን ዞርን።

ከረጢቱ እስኪያልቅ ቧንቧውን እየሞላን እየገለበጥን ሙሉ ቀን ፈጀ። ስንጨርስ፣ ጠዋት አንድ ሙሉ ከረጢት የነበረው ከሰል ግማሽ ከረጢት ሆኗል፤ ሌላው በእንፋሎቱ ተበልቶ አልቋል። የቀረው ግን ቀሎ እንደ ደረቅ ቆሎ ይንሿሿል። አባ ጣሂር ቧንቧውንም ሰጡኝ። «ይህ ከእኔ ነው» አሉ። «ሐረር ሲያዩት ማን ሠራው ካሉሽ፣ ንገሪያቸው።»

ነግሬያቸዋለሁ። ከሪፖርቴ አናት ላይ ነው ስማቸው ያለው።

ሐሙስ

የመልሱ መንገድ ሽቅብ ነው፤ መኪናውም እንደ ሽማግሌ እያረፈ ነው የሚወጣው። ኬላ ላይ አስቆሙን። ፈታሹ ወጣት ነው፤ ከረጢቱን ከፍቶ አየ፣ ቧንቧውን አየ፣ እኔን አየ።

«ከሰል ያለ ፈቃድ ማሳለፍ ክልክል ነው። ይህ ቧንቧ ደግሞ ምንድን ነው፣ ጓዲት?»

የትምህርት ቤቱን ደብዳቤ ሰጠሁት። አንብቦ አልበቃውም፤ አስረጂኝ አለ። ከመኪናው ወርጄ መንገድ ዳር ቆሜ ስለ ቀዳዳው፣ ስለ ኖራው ውሃ፣ ስለ ምድር ብርድ ልብስ አስረዳሁ። ከኋላችን ሌሎች መኪኖች ጡሩምባ ያሰማሉ። ፈታሹ ሲጋራውን ስቦ ጭሱን ከረጢቱ ውስጥ እፍ አለበት፤ ትንሽ ጠብቆም አሸተተ።

«ሽታው የለም» አለ፤ ለጓደኛው። «ና፣ አንተም ሞክር!»

«ወንድሜ፣ ሞተር ሳይደርስ አታጥግቡብኝ እንጂ!» አልኩ። ሳቁ፤ አሳለፉን። አክስቴ ጋቢና ውስጥ ሆና ለመጀመሪያ ጊዜ ሳታላግጥ አየችኝ። «ምላስሽ ደህና ነው» አለች። ከእሷ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ቤት አደርን። እናቴ ሹራቤን አጥባ ውሃው ሦስት ጊዜ ጥቁር ሲወጣ «ይህ ነው እንግዲህ ትምህርት?» አለች።

ዓርብ

ወደ መሰላ የሚሄደው ላንድሮቨር እህልም ሰውም ዶሮም በአንድ ላይ ይጭናል። የቦርደዴ መንገድ አቧራ ነው፤ የመሰላ መንገድ ጭቃ። በዚያ ውሃ በዕቃ ተለክቶ ይቀዳል፤ በዚህ ውሃ ራሱ መንገዱን አቋርጦ ይሄዳል። ተራራው ላይ ቡናና ጫት ተደርድረዋል፤ የእኛ ከተማም ጫት አለ፤ ግን እኛ ጋ ጫት በእስር በእስር የሚታይ ዕቃ ነው፤ እዚህ ዛፍ ነው፤ ሥር አለው፤ ጠዋት ጤዛ ይዞ ይታያል።

አንድ ወንዝ ጋ ስንደርስ ሾፌሩ «ውረዱ» አለ። ጫማችንን አውልቀን ተሻገርን። ከረጢቱን ራሴ ላይ አደረግሁ፤ ከሰሉ ውሃ ከጠገበ እስኪደርቅ ጭስ አይጠጣም። ለከረጢቱ ስጠነቀቅ ለጠርሙሶቹ ዘነጋሁ፤ ድንጋይ አዳለጠኝና አንዱ ተሰበረ። ሦስት ቀሩ።

መሰላ ስንገባ እየመሸ ነው። የወፍጮው ባለቤት ጋሽ ሙሜ ረጅም፣ ወሬ የማያበዙ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው አዴ መርየም ግን ለሁለቱም ያወራሉ። በር ላይ አቅፈው ሳሙኝ፤ ሁለቱንም እጄን ይዘው «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ብርድ ገድሎሻል!» እያሉ ወደ ውስጥ አስገቡኝ። ከረጢቱን ተቀብለው ደረቅ ጥግ ላይ አኖሩት። ሞቅ ያለ ሆጃ፣ የቡና ገለባ በወተት የፈላበት፣ ጠጣን፤ ቅቤ የፈሰሰበት ማርቃ፣ ማለት ገንፎ፣ በላን። በእኛ ቤት እንግዳ «በቃኝ» ካለ አንዴ ይለመናል። መሰላ ላይ «በቃኝ» ማለት ለካ «ገና ነኝ» ማለት ነው።

ጋሽ ሙሜ እጃቸውን ታጥበው ሲያበቁ ብቻ ተናገሩ። «ነገ ገበያ ነው። ገበያተኛው እስኪሞላ ሞተሩ ያንቺ ነው። ከዚያ በኋላ የሕዝብ ነው።»

የመመለሻው መኪናም ነገ በስምንት ሰዓት ይነሳል። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው በሌላው ገበያ ቀን ነው።

ቅዳሜ

ጋሽ ሙሜ ማኒቬላውን አዙረው ሞተሩን አስነሱት፤ ዱግ ዱግ እያለ የወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ተንቀጠቀጠ። ከጭስ ማውጫው ማርሚታ ጎን ትንሽ ብሎን ፈተው ለቀጭን ቱቦዬ ቦታ ሰጡኝ። ቱቦውን በእርጥብ ጆንያ ጠቀለልኩ። የመሰላው ትምህርት ቤት ዳይሬክተርም ሰዓታቸውን አስረው መጡ፤ አንዱ ምስክር እሳቸው ናቸው።

መጀመሪያ ያለ ከሰል። ጭሱ የኖራው ውሃ ውስጥ ፍል ፍል ሲል ሃያ ሳልቆጥር ውሃው ወተት ሆነ። ጥሩ። ቀጥሎ የአባ ጣሂርን ቧንቧ ከከረጢቱ ሞልቼ መሃል ላይ ገጠምኩት። ሁለተኛው ጠርሙስ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… ስልሳ ሳልደርስ ውሃው ደፈረሰ።

ዳይሬክተሩ ሰዓታቸውን አዩ፤ ቀጥሎ ጣሪያውን አዩ። ቦርደዴ ላይ ለሙከራ ጥቂት ፍሬ በሻማ ጭስና ከጠርሙሱ በቀነስኩት ትንሽ የኖራ ውሃ አይቼዋለሁ፤ ይሠራ ነበር! ከረጢቱን ከፈትኩ። አሁን ገና አስተዋልኩ፤ ግማሽ የነበረው ከረጢት እስከ አፉ ሞልቷል።

«አዴ መርየም» አልኩ፤ «ከሰሉን… ማን ነካው?»

ፊታቸው በራ። «እኔ ነኛ! ጎዶሎ ይዛ የገባች እንግዳ ጎዶሎ ይዛ ከቤቴ ትወጣለች? ሰው ምን ይለኛል? ከራሴ ከሰል ሞላሁልሽ። እንዳያስቸግርሽም ያንቺን እያየሁ፣ በልኩ፣ አንድ በአንድ ሰበርኩት። በደንብም ቀላቀልኩት።»

በእኛ አገር ይህ ወግ ነው፤ ዕቃ ወደ ሰው ቤት ጎዶሎ ሆኖ ገብቶ ጎዶሎ አይመለስም። እናቴም ሰሃን ባዶውን አትመልስም። እንዴት ልቆጣ? ሰው እንዲህ ተጨንቆ፣ በአውራ ጣት ልክ ሰብሮልኝ! አክስቴ መጀመሪያ አፏን ያዘች፤ ከዚያ አልቻለችም፤ ሳቋ ከሞተሩ በለጠ። እኔ ግን ወፍጮው ደጃፍ ተቀመጥኩና እንባዬ መጣ። ሁለት ዓይነት ከሰል፣ አንድ መልክ፣ አንድ ልክ። የቀረኝም አንድ ጠርሙስ ነው።

አዴ መርየም አጠገቤ ተቀመጡ። ነገሩ ሲገባቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «ዋላሂ አላወቅሁም። ያንቺው በምን ይለያል?»

«ቀዳዳ አለው። በዓይን አይታይም።»

«ይጠጣል?»

«ይጠጣል።»

«እኔ እንስራ ስገዛ እልሳለሁ» አሉ። «ውሃ የምታቀዘቅዝ እንስራ ምላስ ትይዛለች። የማታቀዘቅዘዋ ታንሸራትታለች። ሻጮቹ ይስቁብኛል፤ ግን አንድም ጊዜ ተታልዬ አላውቅም።» ይህን ብለው ከከረጢቱ አንድ ፍሬ አንስተው ምላሳቸው ላይ አደረጉ። ጣሉት። ሌላ አነሱ፤ ይህኛው ምላሳቸው ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። እጃቸውን አጨበጨቡ፤ መናገር ግን አልቻሉም፤ ከሰሉ ይዟቸዋል!

አሰላሙ አለይኩም ብሎ እህል ሊያስፈጭ የመጣ ሁሉ የሚያየው ነገር ይህ ሆነ፤ አዴ መርየም፣ አክስቴ ዘይነባና እኔ ተሰልፈን ከሰል እንልሳለን። ከከረጢቱም ከቧንቧውም የወጣው፣ የሚይዘው በዚህ፣ የሚያንሸራትተው በዚያ። ከንፈራችን፣ ጥርሳችን፣ አገጫችን ጠቆረ። አንዲት ሴት እህሏን አስቀምጣ «ርሃብ ነው ወይስ በሽታ?» ብላ ጠየቀች። «ትምህርት ነው!» አለቻት አክስቴ፤ እሷም ተቀምጣ ትልስ ጀመር። ገበያተኛው ሲሞላ ሞተሩ የሕዝብ ስለሚሆን ጋሽ ሙሜን በስጋት አየኋቸው። እሳቸው ተራ ጠባቂውን «ቆዩ፤ ልጅቷ ትጨርስ» አሉ። ማንም አላጉረመረመም። እንዲያውም አይተው የማይጠግቡት ነገር ሆነ።

የተለየውን ከሰል ምራቁ እንዲደርቅ፣ ቀድሞ የጠጣውም ጭስ እንዲወጣለት ብረት ምጣድ ላይ በደንብ አሞቅሁት፤ አቀዘቀዝኩት፤ ቧንቧውን ሞላሁ፤ ልክ አፉ ድረስ በቃ። የመጨረሻውን ጠርሙስ ለሁለት ከፈልኩ፤ ግማሹን ገጠምኩ፣ ግማሹን ደብቄ አኖርኩ። ቢስሚላህ አልኩ።

ፍል ፍል አለ። ስልሳ ቆጠርኩ፤ ውሃው እንደጠራ ነው። ዳይሬክተሩ «ሁለት ደቂቃ» አሉ። «አምስት።» ሰዉ አንገቱን አስግጎ ጠርሙሱን ያያል። «ስምንት።» በአሥራ አንደኛው ደቂቃ ጠርሙሱ ውስጥ ቀጭን ጉም መሰለች፤ ከሰሉ ጠገበ።

ጋሽ ሙሜ ግን አላጨበጨቡም። «ልጄ፣ እኔ የምፈርመው ያየሁትን ነው» አሉ። «ከሰልሽ ቱቦውን ደፍኖት ይሆናል። ያዘው ብዬ እንዴት ልፈርም?»

ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር! ሞተሩን እንዲያጠፉ ለመንኩ። ቧንቧውን ከማርሚታው ነቅዬ አንዱን አፍ ዘጋሁ፤ ሌላውን አፍ ደብቄ ካኖርኩት ግማሽ የኖራ ውሃ ጋር አገናኘሁ። ቧንቧውን ፍም ላይ አጋደምኩት። ሞተር የለም፤ ጭስ የለም፤ ከሰሉ ብቻ። ቧንቧው ሲሞቅ ጠርሙሱ ውስጥ አንድ አረፋ ወጣች። ሌላ። ከዚያ ተከታተሉ፤ ውሃውም ሁላችንም እያየን ነጣ።

«የጠጣውን ተፋ!» አሉ ጋሽ ሙሜ። የሰማሁት የመጀመሪያ ጩኸታቸው ነው። እስክሪብቶ ጠየቁ።

ጋሽ ሙሜ ፈረሙ፤ ዳይሬክተሩ ፈረሙ። ሦስተኛው ማን ይሁን ሲባል አክስቴ ቤተሰብ ናት። አዴ መርየም እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠራርገው ቀረቡ። በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥረዋል፤ እስከዚያ ቀን ግን ስማቸውን ጽፈው የሰጡት ለአስተማሪያቸው ብቻ ነው። በቀስታ፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ፣ «መርየም» ብለው ጻፉ። ከጎኑ አንድ ጥቁር የአውራ ጣት አሻራ ሳያስቡት ቀረ። መምህር ታምራት በኋላ «ይህን እንዳትደመስሺ» አሉኝ።

መኪናው በስምንት ሰዓት ተነሳ፤ እኛም ላዩ ላይ ነበርን። እሑድ ወረቀቱ ሐረር ደረሰ። ሰኞ ማታ መምህር ታምራት ሲመለሱ ቦታው የእኔ መሆኑን ነገሩኝ። አባቴ የስፌት መኪናውን አቆመ፤ እሱ መኪናውን የሚያቆመው ለሶላት ብቻ ነው።

ግን ልነግራችሁ የፈለግሁት ሌላ ነው። ስንሰነባበት ጋሽ ሙሜ እስከ ላንድሮቨሩ ድረስ ሸኙኝ። «አሥራ አንድ ደቂቃ ጥሩ ነው» አሉ። «ሞተሬ ግን ከጠዋት እስከ ማታ ነው የሚሠራው። አንቺ ጀመርሽው እንጂ አልጨረስሽውም። ለሚያነብ ሁሉ ጻፊ፤ ከገበያ ቀን ማግስት ወረፋ የለም፤ የተሻለ ከሰል አለኝ የሚል ይምጣ፤ ማኒቬላውን እኔ አዞራለሁ።»

ይኸው ጻፍኩ። ከቡና ገለባ ይሁን፣ ከበቆሎ ቆረቆንዳ፣ ከአጥንት፣ ከጫት ገረባ፣ የሞከራችሁትን ይዛችሁ መሰላ ሂዱ። ወፍጮው ከገበያው በላይ ነው፤ በድምፁ ታገኙታላችሁ። አሥራ ሁለተኛውን ደቂቃ ያየ ሰው ውጤቱን ጽፎ በር ላይ ይለጥፍ፤ እኔም ሄጄ አነባለሁ።